ችፌን በሦስት ቀን የሚያጠፋው ኪኒን ምን ያስከፍላል?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ነው። የዛሬው ርዕሳችን የቆዳ ጉዳይ ቢሆንም ከፍቅር ብዙም የራቀ አይደለም። እጁ ላይ ችፌ ያለበት ወጣት ሰው መጨበጥ ይሸሻል። አንገቷ የቆሰለባት ልጅ በጠራራ ፀሐይ ሻርፕ ትጠመጥማለች። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ሰው ደግሞ ጠዋት ሥራ ቦታው የሚገባው ፊቱን አጥቁሮ ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉት «ምንም» ይላል። ምን ይበል?

ከቦሌ፣ ከገርጂ፣ ከሰሚትና ከአያት አካባቢ የሚጻፉልን ደብዳቤዎች አንድ ነገር ይደጋግማሉ፤ «ቅባት ሰልችቶኛል፣ የሚዋጥ ነገር ንገሩኝ» የሚል። እሺ፣ ዛሬ ስለሚዋጠው እናውራ። መነሻ የምትሆነን የአንዲት እህታችን ደብዳቤ ናት። እንደ ልማዳችን ስሟን አንጠቅስም።

«ውድ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 24 ነው። የምኖረው ገርጂ ሲሆን የምሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ልብስ መሸጫ ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ክርኔና ጉልበቴ ማጠፊያ ላይ ችፌ ነበረብኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ወደ አንገቴና ወደ ዓይኔ ቆብ ወጣ። ሌሊት ሳክ አድራለሁ፣ ጠዋት አንሶላዬ ላይ ደም አያለሁ። አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ገብቼ ባሳየው ልጁ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ትንንሽ ኪኒን ሰጠኝ። እመኑኝ፣ በሦስተኛው ቀን ቆዳዬ የሕፃን ቆዳ መሰለ! ጨርሼ በሳምንቱ ግን ከበፊቱ ብሶ መጣ። እንደገና ገዛሁ። ይኸው አምስት ወር ሆነኝ፤ በቀን አራት እውጣለሁ። አሁን ፊቴ ክብ ሆኗል፤ ሰው ሁሉ ‹ወፈርሽ፣ ተመቸሽ› ይለኛል። የወር አበባዬ ተዛብቷል፣ ደረጃ ስወጣ ጭኔ ይከዳኛል። ጥር ላይ ሰርጌ ነው። እጮኛዬ ኪኒን እንደምውጥ አያውቅም። ዛሬውኑ ላቁመው ወይስ ሰርጌ እስኪያልፍ ልቀጥል?»

በመጀመሪያ ለእህታችን

እህታችን፣ ሁለት መንገድ አቅርበሽልናል፤ ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ዛሬ በድንገት አታቁሚ። በራስሽ እየገዛሽ እስከ ጥርም አትቀጥይ። በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂጂና የኪኒኑን ማሸጊያ አሳይ። ስንት ወር እንደወሰድሽ፣ በቀን ስንት እንደምትውጪ ሳትቀንሺ ተናገሪ። ኪኒኑ እንደተለመደው 5 ሚሊ ግራም ከሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም እየወሰድሽ ነው ማለት ነው፤ ይህ ለአምስት ወር ቀላል መጠን አይደለም።

በድንገት አታቁሚ የምንልሽ ለምን መሰለሽ? ሰውነታችን በየቀኑ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይሠራል። የሚሠራው ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ በተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ነው። ፕሬድኒሶሎን የዚህ ሆርሞን አምሳያ ነው። ከውጭ በብዛት ሲገባ ዕጢዎቹ «ሥራችንን የሚሠራልን መጣ» ብለው ይተኛሉ። ኪኒኑን ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆም ዕጢዎቹ ቶሎ አይነቁም። ያን ጊዜ ከባድ ድካም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት ሊከተል ይችላል። ሕይወት የሚያሳጣበት ጊዜም አለ። ሐኪሙ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እያወረደ ዕጢዎቹን ቀስ ብሎ ይቀሰቅሳቸዋል። እስከዚያው ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ብትሄጂ ይህን ኪኒን እንደምትወስጂ ንገሪ። ቢያስመልስሽና ኪኒኑ ሆድሽ ውስጥ አልረጋ ቢል ደግሞ ነገን አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የፊትሽ መክበብ፣ የወር አበባሽ መዛባት፣ የጭንሽ መክዳት ሁሉም ከኪኒኑ ሊመጡ የሚችሉ ናቸው። የወር አበባው ነገር ግን በምርመራ ይረጋገጥ፤ እርግዝና አለመኖሩም ይታይ።

ስለ እጮኛሽ አንድ ነገር እንበልሽ። ሐኪሙ ወደ ሌላ ኪኒን ሊያዛውርሽ ቢያስብ «መቼ ነው መውለድ የምትፈልጉት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ብቻሽን ልትመልሺው አትችይም። ስለዚህ ከሰርጉ በፊት ንገሪው። ችፌ ነውር አይደለም፣ አይተላለፍምም። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ያ ነገር ችፌ ነው?

ሐኪሞች ኤክዚማ የሚሉት ችፌ በአንድ ጊዜ ሁለት ችግር ያለበት ነው። አንደኛው የቆዳው ልባስ መሳሳት ነው። ክዳኑ እንደተነሳ ድስት እርጥበቱን ያተናል፤ አቧራው፣ ሳሙናው፣ ጀርሙም በቀላሉ ይገባል። ሁለተኛው የሰውነት መከላከያው በትንሽ በትልቁ መቆጣቱ ነው። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ቤተሰብ ውስጥ ይበዛል። «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በብዙ አገሮች ልጆች ላይ ስለ አስም፣ አለርጂና ችፌ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጥናት አዲስ አበባም ተካታ ነበር፤ በሽታው እዚህም አለ።

ችግሩ የሚያሳክክ ሁሉ ችፌ አለመሆኑ ነው። ጭርት የሚመጣው በፈንገስ ነው፤ ጠርዙ ክብ ሠርቶ ይሰፋል። ጭርት ያለበት ሰው ፕሬድኒሶሎን ሲውጥ መቅላቱና ማሳከኩ ይቀንስለታል፤ ፈንገሱ ግን ተደብቆ ይስፋፋል። በተቃራኒው ችፌውን ጭርት ነው ብሎ የፈንገስ ኪኒን ሲውጥ የሚከርምም አለ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የኬቶኮናዞል ኪኒን ጉበት ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲታገድ መክሯል። እከክ ደግሞ ሌላ ነው። ሌሊት ሌሊት ቤተሰቡ በሙሉ የሚያሳክከው ከሆነ በመጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። እናም «የትኛውን ኪኒን ልዋጥ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምንድን ነው ያለብኝ?» የሚለው ይቀድማል። ለዚህ ደግሞ በባንኮኒ ላይ ክንድ ዘርግቶ ማሳየት አይበቃም።

ተዓምሩና ብድሩ

ፕሬድኒሶሎንን ሰው የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ዘር መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ነው። የመገጣጠሚያ በሽታ አልጋ ላይ የጣላት ሴት በጥቂት ቀናት ተነሥታ ሄደች። ዓለም ተደነቀ፤ በ1950 ሄንች፣ ኬንዳልና ራይክስታይን የተባሉት ሳይንቲስቶች ኖቤል ተሸለሙበት። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሐኪሞቹ ራሳቸው መድኃኒቱ ሲቆም በሽታው እንደሚመለስ፣ ሲቀጥል ደግሞ ሌላ በሽታ እንደሚያመጣ አዩ።

ነገሩን እንዲህ አስቡት። አንድ ቤት ውስጥ የሚጮኸውን ቴፕ ለማስቆም የሰፈሩን መብራት በሙሉ ማጥፋት ይቻላል። ቴፑ ዝም ይላል። ግን የጎረቤቱም ማቀዝቀዣ ይቆማል፣ የመንገዱም መብራት ይጠፋል፣ ሌባም ይገባል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ቴፑ ካቆመበት ይቀጥላል። ፕሬድኒሶሎንም የሚያበርደው የቆዳውን ቁጣ ብቻ ሳይሆን የመላ አካላችንን መከላከያ ነው።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ከባድ ችፌ ባለባቸው 38 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት 21 ሰዎች መካከል ችፌው ጠፍቶ የቆየለት አንድ ሰው ብቻ ነው። ሳይክሎስፖሪን የተባለውን ሌላ ኪኒን ከወሰዱት 17 ሰዎች ግን ስድስቱ ተሻሽለው ቆዩ። ችፌው የሚያገረሽባቸው ሰዎች ስለበዙ ሙከራው ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚም በ2023 ባወጣው መመሪያ እነዚህን የስቴሮይድ ኪኒኖች ለችፌ መደበኛ ሕክምና እንዳይጠቀሙባቸው መክሯል።

ለረጅም ጊዜ ሲወሰድስ ብድሩ ምንድን ነው? ሁሉም ሰው ላይ ሁሉም ይደርሳል ማለት ባይሆንም፦

— ፊት ይከብባል፣ ሆድ ይገፋል፣ እጅና እግር ግን ይሰለላል። ሰው «ተመቸህ» የሚለው ይህን አይቶ ነው።

— ስኳርና የደም ግፊት ይነሣሉ።

— አጥንት ይሳሳል፤ ወጣትነት ከዚህ አያድንም። የዓይን ሞራም ይመጣል።

— እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጠባይ ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ ያለምክንያት ይቆጣል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል።

— ሳይታወቅ ሳንባ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ቲቢ ሊቀሰቀስ ይችላል። በእኛ አገር ይህን ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል ያለበት ሰውም ትሉ በመላ አካላቱ ሊሰራጭበት ይችላል።

«ዴክሳ» የሚባለውም ያው የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ያውም ጠንካራው። ወደ 0.75 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን የ5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎንን ያህል ይሠራል። ለመወፈር ብለው የሚውጡት ሰዎች መኖራቸውን እንሰማለን። ያ ውፍረት ጤና አይደለም፣ እባካችሁ!

ታዲያ ፕሬድኒሶሎን መርዝ ነው ማለታችን ነው? በፍጹም። ለከባድ አስምና ለብዙ ሌሎች በሽታዎች ነፍስ ያድናል። ለችፌም ቢሆን ሐኪም በጣም ሲባባስ፣ ሌላው መድኃኒት ሥራ እስኪጀምር ድረስ እንደ ድልድይ ለአጭር ጊዜ ሊያዝዘው ይችላል። ሐኪም ያዘዘላችሁ ይህን ስላነበባችሁ ብቻ እንዳታቆሙ። በጾም ወቅት በባዶ ሆድ የምትውጡ ካላችሁም ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ይህ ኪኒን ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይሻላል።

የሚያስተኛው ኪኒንና አንቲባዮቲኩ

መድኃኒት ቤት የምትሰጠዋ ሌላዋ ኪኒን የአለርጂ ኪኒን ናት፤ ክሎርፌኒራሚን፣ ሴቲሪዚን፣ ሎራታዲን የመሳሰሉት። እነዚህ ችፌውን አያድኑም። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የሚረዱት ስለሚያስተኙ ነው፤ ለጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ይሰጣሉ። ጠዋት ከመገናኛ ቦሌ መኪና የሚነዳ ሰው ግን እንቅልፉ ከኪኒኑ ጋር አብሮት መሪ እንደሚይዝ አይርሳ።

አንቲባዮቲክስ? ችፌው መግል ከያዘ፣ ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ ከሞቀና ካመመ ሐኪም እንደ ክሎክሳሲሊን ወይም ሴፋሌክሲን ያለውን ያዝዛል። ሳያመረቅዝ «ለማንኛውም» ብሎ መዋጥ ግን ገንዘብ ማባከንና ጀርሙን ማለማመድ ነው።

«የካንሰር መድኃኒት ነው አሉኝ»

ሁለተኛው ደብዳቤ ከአያት የተላከ ነው። ጸሐፊው 29 ዓመቱ ነው። «ሐኪሜ ሜቶትሬክሴት የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ። ጓደኞቼን ስጠይቅ የካንሰር መድኃኒት ነው አሉኝ። ሐኪሙ ካንሰር ደብቆኛል እንዴ? በዚያ ላይ ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ ለችፌ አዲስ ኪኒን ወጥቷል፣ በሰው እልክልሃለሁ ብላኛለች። የትኛውን ልያዝ?» ይላል።

ወንድማችን፣ ተረጋጋ። ሐኪምህ የደበቀህ ነገር የለም። ሜቶትሬክሴት በከፍተኛ መጠን ለካንሰር፣ በአነስተኛ መጠን ደግሞ ለመገጣጠሚያ በሽታ፣ ለሶርያሲስና ለከባድ ችፌ ሲታዘዝ የቆየ መድኃኒት ነው። ዋጋውም ከብዙዎቹ ይቀላል። ግን አንድ ሕግ አለው፤ ይህን ሕግ ግድግዳህ ላይ ጻፈው። *በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው።* በየቀኑ የዋጡ ሰዎች የሞቱበት ጊዜ አለ። ቀን ምረጥ፣ ረቡዕ ካልክ ሁልጊዜ ረቡዕ ይሁን። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን አብሮ ይታዘዛል፤ እሱን መቼ እንደምትወስድ ሐኪምህ ይነግርሃል። ጉበትና የደም ሴሎች በየጊዜው በላቦራቶሪ መታየት አለባቸው። ድራፍቱንና አረቄውን ተው። ለሌላ ሕመም ባክትሪም ወይም ኮትሪሞክሳዞል ሊሰጡህ ሲሉ «ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ» በል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ደም እስከማሳጣት ይደርሳሉ። ይህ መድኃኒት ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል፤ ሴት እያረገዘች መውሰድ የለባትም። ወንዱም ልጅ ካሰበ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ሌላው ጠባዩ ዝግተኛ መሆኑ ነው። ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። «ወር ዋጥኩት፣ ምንም አልሠራም» ብሎ ወደ ፕሬድኒሶሎን መመለስ ነው ብዙውን ሰው የሚያሳስተው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ሳይክሎስፖሪን ደግሞ የችኩሎች ኪኒን ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይሠራል። የተገኘው ከኖርዌይ ተራራ በመጣ አፈር ውስጥ ከነበረ ፈንገስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ የፈቀደችው ለኩላሊትና ለሌላ አካል ንቅለ ተከላ ነበር። ኩላሊትን ስለሚጎዳና የደም ግፊት ስለሚያነሣ ሁለቱ በየጊዜው መለካት አለባቸው። ለችፌ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ መቀጠልም አይመከርም። በብሪታንያና በአየርላንድ 103 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ሁለቱ ተወዳድረው ውጤቱ በ2023 ወጥቷል። መጀመሪያ ላይ ሳይክሎስፖሪን ቀደመ። ሕክምናው ከቆመ በኋላ ግን ችፌውን አርግቶ የቆየው ሜቶትሬክሴት ነበር። ሦስተኛው አዛቲዮፕሪን ነው፤ እሱም ዝግተኛ ነው፣ የደም ምርመራና ከፀሐይ መጠንቀቅን ይጠይቃል።

አሁን ወደ አክስትህ ሻንጣ እንምጣ። አክስትህ አልዋሸችህም። ኡፓዳሲቲኒብና አብሮሲቲኒብ የተባሉ ኪኒኖች እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ለመካከለኛና ለከባድ ችፌ በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ባሪሲቲኒብ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በአውሮፓ ተፈቅዷል። ማሳከኩን በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያበርዱ፣ በእርግጥም ጠንካራ መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2021 በዚህ ዘር ኪኒኖች ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዟል፤ ከባድ ኢንፌክሽን፣ የልብ ድካምና ስትሮክ፣ የደም መርጋት፣ ካንሰር። ማስጠንቀቂያው የተነሣው በዕድሜ በገፉ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ላይ ከታየው ቢሆንም ለወጣቱም ምርመራውን አያስቀርለትም። ከመጀመሩ በፊት ቲቢ፣ የጉበት ቫይረስና ደም ይመረመራል፤ አልማዝ ባለጭራም ሊያስነሣ ይችላል።

ዋጋው ደግሞ እዚያ በወር በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። አክስትህ የሁለት ወር ላከችልህ እንበል። ሦስተኛው ወርስ? መንገደኛ ባይገኝስ? ችፌው ይመለሳል፣ ደምህን ያየ ሰው ግን የለም። ሻንጣ መድኃኒት ያመጣል እንጂ ሐኪም አይሆንም። ላኪው ካልቀረ ቢያንስ ከመዋጥህ በፊት ይዘኸው ሐኪምህ ጋ ሂድ። ለአሁኑ ግን የታዘዘልህን በሥርዓቱ ብትወስድ እንመርጣለን።

ኪኒን ከመምጣቱ በፊት

ሐኪሞች የሚዋጠውን የሚያስቡት ቅባቱ በትክክል ተሞክሮ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ብዙዎቻችን «ቅባት አልሠራልኝም» የምንለው ግን በትክክል ሳንቀባው ነው። ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚደርስ ቅባት ሁለት መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይበቃዋል። ሐኪም ያዘዘውን ቅባት በታዘዘው ቦታና ለታዘዘው ቀን ተጠቀሙ። ለማቅላት የሚሸጠውን ጠንካራ ቅባት ዓይን አካባቢ አታስጠጉ።

ከጥቅምት እስከ ጥር የአዲስ አበባ አየር ብርድና ደረቅ ነው። በዚያ ላይ የሰሚትና የአያት የግንባታ አቧራ አለ። ለብ ባለ ውኃ ባጭሩ ታጠቡ፤ የፈላ ሻወር ለጊዜው ማሳከኩን ቢያስታግስም ቆዳውን ያደርቀዋል። ገላችሁ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቫዝሊን ተቀቡ፤ በቀን ሁለቴ፣ ችፌው በሌለበትም ቀን። ኦሞና በረኪና ስትነኩ ጓንት አድርጉ። ፀጉር ቤት የምትሠሩ እህቶች በተለይ ቀለምና ሻምፑ በባዶ እጅ አትንኩ። የእጅ ችፌ መንስዔው ሥራው ከሆነ የትኛውም ኪኒን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት የቆሰለ ቆዳ ላይ አታሹ፤ ያቃጥላል። ጠበል የምትጠመቁም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።

«ዘነበወርቅ ታየሁ ብባልስ?»

ይህን የሚጠይቁን ብዙ ናቸው፤ በተለይ የቦሌ ልጆች። አለርት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ለማንኛውም የቆዳ በሽታ ሰው ከየክፍለ ሀገሩ የሚላክበት ሆስፒታል ሆኗል። የቆዳ ሐኪሞችም ይሠለጥኑበታል። እዚያ ወረፋ የያዘ ሁሉ ሥጋ ደዌ አለበት ማለት አይደለም። ያለበትም ቢሆን የሚድን በሽታ ነው፣ ሕክምና ከጀመረ በኋላም ወደ ሰው አያስተላልፍም። ከገርጂ ጦር ኃይሎችን አልፎ እስከዚያ ድረስ መንገዱ እንደሚያሰለች እናውቃለን። ቢያንስ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ ጀምሩ፤ የቆዳ ስፔሻሊስት ካስፈለገ ሪፈር ጠይቁ። ሰፈራችሁ ያለ መድኃኒት ቤት ቅርብ ስለሆነ ብቻ ሐኪም አይሆንም።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፦

1. ችፌ መሆኑ በምን ተረጋገጠ?

2. ይህ ኪኒን ለስንት ጊዜ ነው? የሚቆመውስ እንዴት ነው?

3. ከመጀመሬ በፊት ምን ምርመራ ያስፈልገኛል? ከጀመርኩስ በኋላ በየስንት ጊዜው?

4. እርግዝና ወይም ልጅ የመውለድ ሐሳብ ቢኖርስ?

5. ከምወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል?

«ዶክተሩ ይቆጣኛል» አትበሉ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጥሩ ሐኪም የሚጠይቅ ሰው ይወዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምረን እንሰናበታችሁ። ችፌ ያለበት ሰው ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበትን ሰው አይሳም፤ ፍቅረኛም ቢሆን! የምቹ ቫይረስ በቆሰለው ቆዳ ላይ ሊዛመት ይችላል። ችፌያችሁ ላይ የሚያሙ ትንንሽ ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች በድንገት ከበዙና ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ቅላቱ መላ አካላችሁን ከሸፈነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። በተለይ መከላከያን የሚያበርድ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ማንኛውንም ትኩሳት አትናቁ።

ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያለሐኪም ማዘዣ የተገዛ ትንሽ ኪኒን ካለ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ስሙን አንብቡት። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚል ከሆነና ሳምንታት ከቆጠራችሁ አትጣሉት፣ አትጨምሩበትም። ይዛችሁት ሐኪም ጋ ሂዱ። ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ደብዳቤዎቻችሁን መጻፋችሁን ቀጥሉ፤ ሳምንት በጤና ያገናኘን።